የ14 ሰው እራት በአንድ የፋርስ ምግብ ቤት፦ ጾም፣ ረመዳን፣ ለውዝና ሂሳብ በአንድ ገበታ

ዳራ

አክስቴ በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል 27 ዓመት በነርስነት ሠርተው በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ከእነዚህ ዓመታት የሚበዙትን በሌሊት ተራ አብረዋቸው ያሳለፉት ከሺራዝ የመጡ ኢራናዊት ነርስ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሲካፈሉ ኖረዋል። ቤተሰቡ የስንብት እራት ለማዘጋጀት ሲነሣ አክስቴ ቦታ ለመምረጥ ብዙ አላሰቡም። «የወዳጄ አገር ምግብ ይሁን» አሉ።

ወዳጃቸው የጠቆሙት ቤት በአካባቢው ደህና ስም ያለው የፋርስ ምግብ ቤት ነው። ከፊት ለፊት ረጅም ባንኮኒና ግድግዳ ሙሉ ጠርሙስ ያለው የወይን ጠጅ ባር አለ። ከዚያ አልፎ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ያሉበት ሰፊ የእራት ክፍል ይገኛል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ለቡድን የሚሰጠው ሜኑ ለአንድ ሰው 65 ዶላር ነበር። ዝግጅቱን እኔና ባለቤቴ ወሰድን። ወጪውን የአክስቴ ልጅና እኔ በመዋጮ ልንሸፍነው ተስማማን።

እንግዶቹ 14 ነበሩ። አክስቴና ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና የዘጠኝ ዓመት ልጇ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ከደሴ የመጡ የረጅም ዘመን ጎረቤቶቻቸው ባልና ሚስት፣ ኢራናዊቷ ከነባለቤታቸው፣ እንዲሁም አራት የሆስፒታል ባልደረቦች። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው እንደዚህ ዓይነት ገበታ በስደት አገር ባሉ ቤተሰቦቻችን ዘንድ የተለመደ እየሆነ ስለመጣ፣ በእኛ ላይ የደረሰው አንድ ስሕተትም በሕፃን ሕይወት ላይ ሊጫወት ተቃርቦ ስለነበር ነው።

ችግሩ

እራቱ የተያዘው ለቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነው፤ አምስታችን ጾመኞች ነን። ልጁ በሰውነቱ የማይስማሙ ነገሮች ብዙ ስለሆኑ እናቱ ገና አላስጾመችውም። ረመዳንም ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ከደሴ የመጡት ባልና ሚስት ጀንበር እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ኢራናውያኑ ደግሞ አዲስ ዓመታቸው ኖውሩዝ አምስት ቀን ቀርቶታል። አራቱ ባልደረቦች ከምንም ያልታቀቡ፣ ጥሩ ሥጋና ጥሩ ወይን ጠጅ ተስፋ አድርገው የሚመጡ ናቸው።

ከቀኑ ግጥጥም ይልቅ ያስቸገረን የወጥ ቤቱ ጠባይ ነው። የፋርስ ምግብ ከሩቅ ሲታይ ለጾመኛ የተመቸ ይመስላል፤ ቅጠላ ቅጠል፣ ባቄላ፣ ክክ፣ እኛ ደበርጃን የምንለው እነሱ ባደምጃን የሚሉት አትክልት፣ ሩዝ በየዓይነቱ። ቅቤው፣ እርጎውና እንቁላሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ገብተዋል። ደበርጃኑ ተፈጭቶ ካሽክ ይፈስበታል፤ ካሽክ ከእርጎና ከአሬራ የሚሠራ ወፍራምና ጎምዛዛ ነገር ነው። አሽ ሬሽቴ የሚባለው የቅጠልና የጥራጥሬ ሾርባም በካሽክ ነው የሚያልቀው። በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም የሚሠራው የደበርጃን ምግብ፣ ሚርዛ ጋሴሚ፣ እንቁላል አለው። ኩኩ የሚባለው አረንጓዴ ቂጣ መሰል ነገር ደግሞ ቅጠል የበዛበት እንቁላል ጥብስ ነው።

የመጀመሪያው መልእክትና ጉድለቱ

ቦታ ያስያዝኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። የላክሁት መልእክት አጭር ነው፦ 14 ሰው፣ ከነዚህ አምስት ቬጂቴሪያን፣ ሁለት ሙስሊሞች፣ አንድ ልጅ ኦቾሎኒ የማይስማማው። ምግብ ቤቱ በማግስቱ «ሁሉም ይቻላል» ብሎ መለሰ። እኔም ሥራው ያለቀ መስሎኝ ተውኩት።

ዛሬ ያንን መልእክት ሳነበው በአንድ መስመር ሦስት ስሕተት አያለሁ። «ቬጂቴሪያን» ማለት ለእነሱ ሥጋ የማይበላ ነው፤ ቅቤና እርጎ ይበላል። «ሙስሊም» ብሎ መጻፍ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሚያፈጥር፣ ሥጋው ሐላል መሆን እንዳለበት፣ በወይን ጠጅ የበሰለ ነገር እንደማይቀርብለት አይናገርም። ሦስተኛውን ስሕተት ያወቅነው እዚያው ገበታ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሙከራ እራት

ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሄደን ካልቀመስን ብላ አጥብቃ ያዘች። በዝግጅቱ ሁሉ ከተደረገው ነገር ትልቁን ጥቅም የሰጠው ይህ ነው። ሐሙስ የካቲት 27 ምሽት ሁለታችን ሄድን። አስተናጋጁን ጾመኞች ለቡድኑ ቀን የሚቀርብላቸውን እንዲያሳየን ጠየቅነው። የመጣው ደበርጃን ላዩ ላይ ነጭ መስመር ነበረበት። ምንድን ነው ስንል ካሽክ ነው አለ። ሩዙን ስንጠይቅ በቅቤ ነው አለ። ሾርባውስ ስንል የአጥንት መረቅ እንዳለበት ነገረን። በዚያ ምሽት ከቀረበው ሁሉ ለጾመኛ የሚሆነው የሺራዝ ሰላጣና ዳቦው ብቻ ነበር።

ሼፉ ወጥተው አነጋገሩን። ከእርሳቸው የተማርኩት ነገር ለማንም ምግብ ቤት ይሠራል፤ ሩዝ ቁጭ ብለው ካዘዙ በኋላ የሚለወጥ ነገር አይደለም። የፋርስ ሩዝ ታጥቦ በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በግማሽ ይቀቀልና ይጠለላል። ድስቱ ሥር ቅቤ ወይም ዘይት ይደረግና ሩዙ እንደ ክምር ይቆለልበታል፤ ክዳኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ በለዘብተኛ እሳት በእንፋሎት ይበስላል። ከሥር የሚጠበሰው ወርቃማ ቅርፊት ታዲግ ይባላል፤ ቃሉ «የድስት ሥር» ማለት ነው። ብዙ ቤት ለታዲጉ ሩዙን በእርጎ፣ በእንቁላል አስኳልና በሳፍሮን ለውሶ ያነጥፈዋል። እንግዲህ ምሽት ላይ «ቅቤ አይኑርበት» ብሎ መጠየቅ፣ ጠዋት የተቦካ ሊጥ ላይ እርሾው ይውጣልኝ እንደ ማለት ነው። ሼፉ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካወቁ ግን በዘይት ብቻ የሚሠራ ትንሽ ድስት ለብቻ እንደሚጥዱ ቃል ገቡ።

ሁለተኛው መልእክት

ከዚያ ምሽት በኋላ የጻፍኩት መልእክት ገጽ ሙሉ ነበር። የእምነትም የአመጋገብ ዘይቤም ስም አልጠቀስኩም፤ የነገሮቹን ስም ብቻ ዘረዘርኩ። ለአምስቱ፦ ሥጋ፣ የሥጋ መረቅ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ ካሽክ የሌለበት። ዓሣን ለብቻው የጻፍኩት በእኛ ወገን ጾም ላይ ዓሣ የሚበላም የማይበላም ስላለ፣ የሚፈልግ ካለ በራሱ አንደበት ቢጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው። ለሁለቱ፦ ሐላል ሥጋ፣ ወይን ጠጅ ያልገባበት፣ ማታ አንድ ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ውሃና ቴምር ከሌላው ነገር ሁሉ ቀድሞ። ጀንበር በዚያ ቀን በዋሽንግተን አካባቢ የምትጠልቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

ሼፉ ዝርዝሩን ይዘው የመለሱልን ሜኑ አስደሰተን። ለጾመኞች ባጋሊ ፖሎ፣ ማለትም ባቄላና እንስላል የገባበት ሩዝ፣ በዘይት። ስሙ ራሱ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ካሽክ ያልነካው፣ በውሃ የተሠራ አሽ ሬሽቴ፤ ላዩ ላይ በዘይት የተጠበሰ ደረቅ ናና። ያለ ሥጋ የተሠራ የክክና የደበርጃን ወጥ። ለጣፋጭ ፋሉዴ፤ ቀጭን የሩዝ ስታርች ክር በጽጌረዳ ውሃና በሎሚ ተቀዝቅዞ የሚቀርብ፣ ወተት የሌለበት ነገር ነው። ለሥጋ በሎቹ የበግና የዶሮ ከባብ፣ ሐላል መሆኑ የተረጋገጠ፤ በወይን ጠጅ የሚበስለው የበግ ቅልጥም ለባልደረቦቹ ብቻ በሌላ ሳህን።

ወንበር፣ ይሉኝታና ሦስት ጊዜ መጠየቅ

ምግብ ቤቱ መጀመሪያ የሰጠን ጠረጴዛ ከወይን ባሩ ጎን ነበር። ባለቤቴ ለጎረቤቶቹ ደውላ «ከባሩ አጠገብ መሆኑ ደስ ካላላችሁ ንገሩን» አለቻቸው። «ኧረ ምንም አይደል፣ እናንተ እንዳላችሁ» አሉ። ይህ መልስ መልስ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ባለቤቴ በማግስቱ በሌላ መንገድ ጠየቀች፦ «ሁለት ቦታ አለ፤ ከፊት ያለውና የውስጠኛው ክፍል። የቱን ልያዝ?» «ውስጡ ጸጥ ይላል» አሉ ወዲያው። ሰው «ቅር ይለኛል» እንዲል አስገድደን ነበር፤ ምርጫ ስናቀርብለት ግን ማንንም ሳያስቀይም ፍላጎቱን ተናገረ።

በኢራናውያኑ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ታዐሮፍ ይሉታል። እንግዳን ከራስ በላይ የማክበር፣ የመጋበዝ፣ የመከልከልና እንደገና የመጋበዝ ሥርዓት ነው። ባለ ሱቅ እንኳ ዋጋ ሲጠየቅ «ቃበሊ ናዳሬ» ይላል፤ «ለእርስዎ የሚገባ አይደለም» እንደ ማለት። ይህ ማለት ግን በነፃ ውሰዱት ማለት አይደለም። እኛ ለአክስቴ ኬክ ፈንታ የጾም ድፎ ዳቦ ልናስቆርሳቸው አስበን ነበር። ምግብ ቤቱ ቤት የተጋገረ አይገባም፣ ከሱቅ ከተገዛ ግን ይቻላል አለ፤ ከአንድ የእኛ ሰው ዳቦ ቤት አዘዝን። ለመቁረጫና ለሳህን አገልግሎቱ ስንት እንደሚያስከፍሉ ሥራ አስኪያጁን ስጠይቅ «የእኛ ስጦታ ነው» አሉ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። የአክስቴ ወዳጅ ይህን ሲሰሙ «ስንት ጊዜ ጠየቅህ?» አሉኝ። አንዴ አልኳቸው። «እንደገና ጠይቅ፤ ሦስተኛ ጊዜም ስጦታ ነው ካሉ እውነት ነው።» ሦስተኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ለአንድ ሰው ሦስት ዶላር መሆኑን ነገሩኝ። 42 ዶላር፤ በሂሳቡ ላይ ድንገት ቢመጣ ግን እኔ ተታለልኩ እል ነበር፣ እርሳቸውም ሥርዓት የማያውቅ ሰው ይሉኝ ነበር።

ምሽቱ

መግቢያው ላይ ለኖውሩዝ የተዘረጋ የሃፍት ሲን ገበታ ነበር፤ በፋርስኛ ስማቸው በሲን ፊደል የሚጀምር ሰባት ነገሮች። ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ ሱማቅ፣ የበቀለ ስንዴ ... አክስቴ ሳመኑ የሚባለውን ሲያዩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከበቀለ ስንዴ ተፈጭቶ ሲንተከተክ የሚውል ጣፋጭ ገንፎ ነው አሏቸው። «ብቅል ነዋ!» አሉ፤ ሁለቱ ሴቶች እዚያው ቆመው ብቅል እንዴት እንደሚበቅል ሲነጋገሩ አስተናጋጁ በትዕግሥት ጠበቀን።

አንድ ሰዓት ከ14 ላይ ውሃና ቴምር መጣ። ምግብ ቤቱ ዝርዝራችንን አንብቦ፣ ከዝርዝሩም አልፎ፣ ለጾም መፍቻው ክብር ሲል ፍሬው ወጥቶ ሌላ ነገር የተሞላ ቴምር አዘጋጅቷል። ሳህኑ ለጎረቤቶቹ ቀርቦ ወደ እኛ ተዘዋወረ። ልጁ አንዱን አነሣ።

ከአስተናጋጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነበር። ወደ ልጁ እናት ጎንበስ ብሎ በአማርኛ «እትዬ፣ ልጁ ለውዝ አይስማማውም የተባለው እሱ ነው? ለውዝ ሲባል ኦቾሎኒውን ብቻ ነው ወይስ ሌላውንም?» አላት። «ሌላውንም። ኦቾሎኒ እንኳ ይበላል። የማይስማማው ዋልነት፣ ፒስታሽዮ፣ እንደዚያ ያለው ነው» አለች። ወጣቱ ቴምሩን ከልጁ እጅ ወሰደ። ውስጡ ዋልነት ነበር።

ልጁ አልቀመሰውም። እናቱ አድሬናሊን መርፌውን ሁልጊዜ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፤ ያን ዕለትም ይዛለች። ግን መርፌ መያዝ መከላከያ አይደለም፣ የመጨረሻ መጠጊያ ነው።

ስሕተቱ የማን እንደነበር መጻፍ አለብኝ፤ የእኔ ነበር። የአክስቴ ልጅ በስልክ «ለውዝ አይስማማውም» አለችኝ። በቤታችን ለውዝ ሲባል ቆሎ ውስጥ የሚገባው ኦቾሎኒ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስጽፈው በዚያው ስም ጻፍኩት። እርሷ ደግሞ ከሐኪም የሰማችውን የዛፍ ፍሬ ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ጠቅልላ ነበር የነገረችኝ። ኦቾሎኒ የጥራጥሬ ወገን ነው፤ ከመሬት ሥር ያፈራል። ዋልነት፣ ፒስታሽዮ፣ አልመንድና ካሹ የዛፍ ፍሬዎች ናቸው። አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላው ሊስማማው ይችላል፣ ሁለቱም የማይስማሙትም አለ። ምግብ ቤቱ «ወጥ ቤታችን ኦቾሎኒ አይገባም» ያለው እውነቱን ነው። የፋርስ ወጥ ቤት ግን በዛፍ ፍሬ የተሞላ ነው። ፌሴንጃን የሚባለው ወጥ መሠረቱ የተፈጨ ዋልነትና የሮማን ጭማቂ ነው። በሮማን የታሸው ወይራ ውስጥ ዋልነት አለ። በሩዝ ላይ የተከተፈ አልመንድና ፒስታሽዮ ይበተናል፣ ባቅላቫውና አይስክሬሙም ያው ነው። በየትኛውም ምግብ ቤት ልትሳሳት የምትችልበት ቃል እዚህ ቤት በተለይ አደገኛ ነበር።

ሼፉ ወዲያው መጡ። የልጁ ሳህን ተቀየረ፣ እጁን ታጠበ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቴምርና ወይራ ተነሣ። ሥጋው በተለየ መቆንጠጫ ተጠበሰለት፤ ሩዙ ከጾመኞች ድስት ተቀዳለት፣ ምክንያቱም እርሱ ላይ ምንም አልተበተነም። ለጣፋጭ አይስክሬም አልተሰጠውም፤ ማንኪያው ከፒስታሽዮው ጋር አንድ ስለሆነ። ብርቱካን ተላጠለት።

ወይን ጠጁ

የሚጠጡት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ባልደረቦችና ኢራናውያኑ ባልና ሚስት። የወይን ጠጅ አስተናጋጁ ሦስት ጠርሙስ ይበቃል ብሎ ነበር። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል ደረሰ። ልክ ነበር። ወይኑ በተለየ ደረሰኝ እንዲጻፍ ቀድመን አዘን ስለነበር፣ በረመዳን ላይ ያለ ሰው ከፊቱ በተቆጠረ ሂሳብ ውስጥ መጠጥ አላየም። ለማይጠጡት የናናና የኮምጣጤ ሽሮፕ ያለበት ሴካንጃቢን፣ የጎምዛዛ ቼሪ ሸርበት፣ በመጨረሻም በትንንሽ ብርጭቆ ሻይ ከሳፍሮን ስኳር ጋር ቀረበ። እርጎ ያለበት ዱግ የሚባለው መጠጥ ለጾመኞች እንዳይቀዳ ነግረን ነበር።

አንድ ባልደረባ ብርጭቆውን አንሥቶ ሺራዝ የሚባለው ወይን ከሺራዝ ከተማ የመጣ መሆኑን ለአክስቴ ወዳጅ ነገራቸው። ባለቤታቸው ፈገግ ብለው አረሙት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዘረመል ምርመራ እንደታወቀ የዚያ ወይን ወላጆች ሁለቱም የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ዝርያዎች ናቸው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ተክሉ ከሺራዝ ከተማ አልመጣም። ግን ኢራን በወይን ታሪክ ማንንም መለመን አያስፈልጋትም። በዛግሮስ ተራሮች ሐጂ ፊሩዝ በተባለ ቦታ የተገኙ ማሰሮዎች ከ7,000 ዓመት በፊት ወይን ጠጅ ይዘው እንደነበር በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ከ1979 እ.ኤ.አ. አብዮት ወዲህ አገሪቱ መጠጥ ከልክላለች፤ አርመኖችና ሌሎች ክርስቲያኖች ለራሳቸው መጥመቅ ይፈቀድላቸዋል።

የአክስቴ ባለቤት፣ በዐቢይ ጾም አንድ ጠብታ የማይቀምሱት ሰው፣ በዚህ ላይ ገቡበት። በቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ፣ ዘቢቡ ታጥቦ፣ ረጥቦ፣ ተጨምቆ እንደሚጣራ አስረዱ። ከደሴ የመጡት ጎረቤት ስለ ገበታው የወይን ፍሬ ጠየቁ። አንድ ሰዓት ያህል ጠጪና የማይጠጣ ተቀላቅሎ ስለ ወይን ተነጋገረ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ የወይን ባር ላይ ግማሹ ሰው ባይተዋር ሆኖ ይቀመጣል የሚል ስጋት ነበረኝ።

ያልሠራው

የጾሙ ታዲግ አልተሳካም። በዘይት የተጣደው ትንሽ ድስት ድንች ከሥሩ ተነጥፎለት ነበር። ድስቱ አነስተኛ ስለሆነ እሳቱ በዛበት፣ ጫፉ አረረ፣ ከሌላው ምግብ 20 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። አምስት ሰው ሌላው ሲበላ ጠበቀ። የቅጠል ሳህኑም ላዩ ላይ አይብ ተቆርጦበት መጣ፤ በዝርዝሩ ውስጥ አይብ ቢኖርም ሳህኑን የሚያዘጋጀው ሰው ዝርዝሩን አላየውም ነበር። ወረቀቱ ሼፉ ጋ ነበር እንጂ ቀዝቃዛ ምግብ የሚያዘጋጀው ክፍል ጋ አልደረሰም።

ትልቁ ያልሠራ ነገር ግን ሂሳቡ ነው፤ በወረቀት ላይ ሁሉም የተሳካ መስሎ ነበር። ለ13 አዋቂ 845 ዶላር፣ ለልጁ 30፣ የአገልግሎት 20 በመቶ 175፤ ግብር፣ ድፎ ዳቦውና ወይኑ ሳይቆጠሩ 1,050 ዶላር። የአክስቴ ወዳጅ ለመክፈል እንደሚሞክሩ ስለማውቅ ሂሳቡ ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ በጽሑፍ ነግሬ፣ ካርዴን አስቀድሜ አስይዤ ነበር። እንዳልኩትም ወደ መታጠቢያ ቤት የሄዱ መስለው ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሄዱ። «ተከፍሏል» ተባሉ። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ፈገግ አሉ፣ ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የገባሁት።

በሳምንቱ ለአክስቴ «እንግዳ አደረጋችሁኝ» አሏቸው። ቃሉ አክስቴን ቆረጠማቸው፤ እኔንም። ሴትየዋ ከሦስት ሳምንት በፊት «ወይኑን እኔ ልያዝ» ብለውኝ ነበር። ከእኛ ወገን በሞቴ፣ አፈር ስሆን እንደሚባለው እርሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ «መሥዋዕት ልሁንልህ» ብለው ነው የጠየቁኝ። እኔ «እንግዳ ነዎት፣ አይሆንም» አልኩ። ታዐሮፍ መስሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ መጠየቃቸውን አልቆጠርኩም፤ ለ42 ዶላሩ ያስተማሩኝን ለእርሳቸው አልተጠቀምኩበትም። የወይኑ ደረሰኝ ቀድሞውኑ ለብቻው ነበር፤ ለእርሳቸው መተው ምንም አያስቸግርም ነበር።

ነገሩ የተቃናው በሁለቱ ሴቶች ነው። የኖውሩዝ በዓል በሚያበቃበት በ13ኛው ቀን፣ ኢራናውያን ቤት ውስጥ መዋል የማይወዱበት ዕለት ነው፣ አክስቴን ወደ መናፈሻ ወሰዷቸው። ሁሉንም ነገር እርሳቸው አቀረቡ፤ አክስቴ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ለአክስቴ ባዶ እጅ መሄድ ቀላል ነገር አልነበረም።

ለሌላ አዘጋጅ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ በየትኛውም ቤት የሚሠራ የምለው፣ ለምግብ ቤት የሰውን ዓይነት ሳይሆን የነገሩን ስም መስጠት ነው። «ጾመኛ»፣ «ቬጂቴሪያን»፣ «ሙስሊም» የሚሉት ቃላት በሚጽፋቸውና በሚያነባቸው ሰው ራስ ውስጥ የተለያየ ምግብ ናቸው፤ «ቅቤ» ግን ለሁለቱም ቅቤ ነው። አለርጂ ሲሆን ደግሞ ስሙን ከእናቱ አፍ በስልክ መቀበል አይበቃም። ከሐኪም የተሰጣት ወረቀት ፎቶ ይላክ፤ በዚያ ላይ የተጻፈው ቃል ሳይተረጎም ወደ ወጥ ቤቱ ይሂድ።

የሙከራ እራት ለሁለት ሰው ገንዘብ ያስወጣል፤ እኛን 90 ዶላር ገደማ አስወጥቶናል። ለ14 ሰው እራት ግን ይህ ከሁሉ የረከሰ ወጪ ነበር። መሄድ ያልቻለ ሰው ቢያንስ ሩዙ በምን እንደሚበስል፣ ሾርባው በምን መረቅ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጣድ ይጠይቅ። የሚጣድበት ሰዓት ለውጥ የሚቻልበት የመጨረሻ ሰዓት ነው።

ይሉኝታ ያለበትን ሰው «ቅር ይልሃል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሁለት ነገር አቅርቦ አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ይሠራል። መስጠት ለሚፈልግ እንግዳ ደግሞ የሚሰጠው ነገር አስቀድሞ ይለይለት፤ ወይኑ፣ ሻዩ፣ አበባው፣ የሆነ ነገር።

አሁን የምንልከው ጽሑፍ

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ዝግጅት የተጠቀመችበት ጽሑፍ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነው፦

«በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ አለ፤ የማይበላቸው ዋልነት፣ ፒስታሽዮ፣ አልመንድ፣ ካሹ ናቸው፤ የሐኪሙ ወረቀት ተያይዟል። እባክዎ ከተጠየቀው ውጭ በስጦታ የሚቀርብ ማንኛውም ነገር ካለ፣ ቴምር ቢሆንም፣ ከመቅረቡ በፊት ለእናቱ ይነገር። አምስት ሰዎች ሥጋ፣ የሥጋ መረቅ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎና ካሽክ ያለበት አይበሉም፤ ሩዛቸው በዘይት ይጣድ። ይህ ወረቀት ለሼፉ፣ ለከሰል ጥብሱ፣ ለሰላጣና ለጣፋጩ ክፍል በአራት ቅጂ እንዲሰጥ እንለምናለን። ለጠረጴዛው የሚመደብ አስተናጋጅ አማርኛ የሚያውቅ ካለ፣ እርሱ ይሁንልን።»